በአዳማ ያገለገለ መኪና ስለ መያዝ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ከዚህ በታች የሰፈሩት ጥያቄዎች አዳማ ውስጥ ያገለገለ የቶዮታ ቪትዝ፣ ያሪስ ወይም ኮሮላ የያዙ ጎረቤቶች፣ የሥራ ባልደረቦችና ዘመዶች በተለያየ ጊዜ ያነሷቸው ናቸው። መልሱን የምሰጠው እንደ መካኒክ ሳይሆን በዚህ ከተማ አንድ ኮሮላ ከ10 ዓመት በላይ እንደያዘ፣ እያንዳንዱንም ጥገና በደብተር እየመዘገበ እንደቆየ ባለንብረት ነው። ደብተሩን ሳገላብጥ ከወጪዬ የሚበዛው ከሙቀት፣ ከአቧራና ከጎማ ጋር የተያያዘ ሆኖ ስለማገኘው፣ ለእነዚህ ሦስቱ ሰፊ ቦታ ሰጥቻለሁ።

ጥያቄ፦ መኪናዬ አዲስ አበባ ሳለ አይሞቅም ነበር፤ አዳማ ከመጣሁ ወዲህ ግን የሙቀት መለኪያው ከፍ ይላል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

ራዲያተር ሙቀት የሚያስወጣው ሞተሩን ዞሮ በመጣው ውሃና በውጭው አየር መካከል ባለው የሙቀት ልዩነት አማካይነት ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ይቀዘቅዛል፤ አዳማ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 1,600 ሜትር አለፍ ባለ የስምጥ ሸለቆ መሬት ላይ በመሆኗ፣ በተለይ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራት ቀኑ 30 ዲግሪ ሴልሺየስን ማለፉ የተለመደ ነው። ስለዚህ በከፊል የተደፈነ ራዲያተር፣ የደከመ ቬንትሌተር (የራዲያተር ማራገቢያ) ወይም የላላ ቺንጊያ (ቀበቶ) ይዞ አዲስ አበባ ላይ ያለ ችግር ሲነዳ የቆየ መኪና፣ አዳማ ሲደርስ፣ ይልቁንም ቀትር ላይ ከባጃጆች ጋር እየቆመ እየተነሣ ሲሄድ፣ ጉድለቱ ይገለጣል።

በቅድሚያ እንዲመረመር የምመክረው ዋጋው ከሁሉም የሚያንሰውን ዕቃ፣ ማለትም የራዲያተሩን ክዳን ነው። ክዳኑ ውሃ እንዳይፈስ ከመግታት የበለጠ ሥራ አለው፤ በውስጡ ያለው ሞላ ውሃውን በግፊት አምቆ ይይዛል፣ ግፊቱም የመፍያ ነጥቡን ከፍ ያደርጋል። አዳማ ባለችበት ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ዝቅተኛ በመሆኑ ክዳን በሌለው ዕቃ ውስጥ ያለ ውሃ 95 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ይፈላል፤ ጤናማ ክዳን ባለበት ራዲያተር ውስጥ ግን እስከ 115 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። የሞተር ውሃ በደኅናው ጊዜም ቢሆን 90 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ፣ ክዳኑ ከደከመ የሚቀረው ትርፍ 5 ዲግሪ ገደማ ብቻ ነው ማለት ነው። የክዳኑ ጎማ ተሰንጥቆ ወይም ሞላው ላልቶ ሳለ ራዲያተር አስወርደው ያሳጠቡ፣ ቬንትሌተርም የለወጡ ሰዎች አውቃለሁ። ሲቀይሩት በላዩ የተጻፈው የግፊት ቁጥር፣ ለምሳሌ 0.9 ወይም 1.1፣ ከፋብሪካው ክዳን ጋር አንድ መሆኑን ያረጋግጡ።

ጥያቄ፦ መካኒኬ «አዳማ ሞቃት ስለሆነ ቴርሞስታቱ ይውጣ» ይለኛል። ልስማማ?

አይስማሙ። ይህ ምክር በሰፊው ይሰጣል፤ የሚሰጡትም ብዙ ጊዜ በቅንነት ነው፤ ሆኖም የሚያደርሰው ጉዳት ስለሚያሳስበኝ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ እጽፋለሁ።

ቴርሞስታት በር ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ በሩ ተዘግቶ ውሃው በአጭሩ መንገድ እዚያው ሞተሩ ውስጥ ይዞራል፤ ሙቀቱ 82 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ በሩ ተከፍቶ ውሃውን ወደ ራዲያተር ይለቃል። በብዙ የቶዮታ ሞተሮች ላይ ቴርሞስታቱ ወደ ራዲያተር የሚወስደውን መንገድ ሲከፍት አጭሩን መንገድ በዚያው ይዘጋል። እንግዲህ ቴርሞስታቱ ከወጣ ሁለቱም መንገዶች ክፍት ይሆኑና ከውሃው ከፊሉ ራዲያተሩን ሳይነካ ትኩስ እንደሆነ ወደ ሞተሩ ይመለሳል። በሜዳ ላይና በዝግታ ሲነዳ መኪናው የቀዘቀዘ ይመስላል፤ ዳገትና ሸክም ሲገጥመው ግን ከቀድሞው ይብስበታል። በሌላ በኩል ሞተሩ በቶሎ ስለማይሞቅ ኮምፒዩተሩ «ገና ቀዝቃዛ ነው» ብሎ ቤንዚን ያበዛል፤ ዘይቱም ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ እርጥበትና ቆሻሻ ይይዛል።

በእኔ መኪና ላይ የደረሰውም ይኸው ነው። አንድ ጋራዥ ሳያማክረኝ ቴርሞስታቱን አውጥቶ ኖሮ፣ ለሁለት ወር ያህል መለኪያው ከወትሮው ዝቅ ብሎ ሳየው ደስ ብሎኝ ነበር። ከዚያ አምስት ሰው ጭኜ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ ቢሾፍቱን አልፌ ሳልርቅ ሞተሩ ፈላ፤ ጓርኒሲዮኑ (የሞተሩ ማሸጊያ) ተቃጠለ፣ ቴስታታውም (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ጎብጦ ቶርኖ ቤት ገብቶ ተስተካከለ። አዲስ ቴርሞስታት የዚያን ጥገና ወጪ ሲሶ ቀርቶ ከሃያ አንዱን አያህልም ነበር። ቴርሞስታቱ ይሠራ እንደሆነ ማወቅ ከባድ አይደለም፦ አውጥተው ውሃ ባለበት ድስት ውስጥ በክር አንጠልጥለው ሲያፈሉት፣ ውሃው ከመንተክተኩ አስቀድሞ በሩ ሲከፈት በዓይን ይታያል። ካልተከፈተ ይለወጣል እንጂ ቦታው ባዶ አይተውም።

ጥያቄ፦ ራዲያተር ውስጥ የቧንቧ ውሃ ብጨምር ምን ይሆናል?

በመንገድ ላይ ሌላ ከጠፋ የቧንቧ ውሃ ጨምሮ ቤት መግባት ተገቢ ነው፤ የዘወትር ልማድ ማድረግ ግን አይገባም። በስምጥ ሸለቆ አካባቢ ያለው ውሃ፣ በተለይ የጉድጓዱ፣ ማዕድን የበዛበት መሆኑ የታወቀ ነው፤ ማዕድኑም ማንቆርቆሪያ ግርጌ ላይ እንደሚጋገረው ነጭ ነገር በራዲያተሩ ቀጫጭን ቱቦዎች ውስጥ ይጋገራል። ውሃን ማፍላትም ሁሉንም ማዕድን አያስወግድም። የሚሻለው ኩላንትን (ለሞተር ማቀዝቀዣ የተዘጋጀ ፈሳሽ) ከተጣራ ውሃ ጋር እኩል ለእኩል ቀላቅሎ መሙላት ነው፤ ኩላንቱ መፍያውን ከፍ ከማድረጉም በላይ ብረቱንና አሉሚኒየሙን ከዝገት ይጠብቃል። የተጣራ ውሃ «የባትሪ ውሃ» በሚል ስም ይሸጣል፤ ሆኖም በዚያው መደብር ለባትሪ የሚሆን አሲድም ሊኖር ስለሚችል ዕቃው ላይ የተጻፈውን ሳያነቡ አይግዙ።

ጥያቄ፦ መንገድ ላይ መለኪያው ወደ ቀዩ ቢጠጋ?

ኤርኮንዲሽነሩን ያጥፉ፣ የማሞቂያውን ቁልፍ እስከ መጨረሻው ይክፈቱ፤ ማሞቂያው እንደ ትንሽ ራዲያተር ሆኖ ሙቀቱን ወደ እርስዎ ያወጣል፤ ለመንገደኛው የማይመች ቢሆንም ሞተሩን ያግዛል። ካልወረደ ወደ ዳር ወጥተው ሞተሩን ያጥፉ። ኮፈኑን ከፍተው ቢያንስ 30 ደቂቃ ይጠብቁ፤ የራዲያተሩን ክዳን በትኩሱ አይንኩ። ከላይ እንደገለጽኩት ውሃው በውስጡ ከመፍያው በላይ ሙቀት ይዞ የታመቀ ስለሆነ፣ ክዳኑ በተከፈተበት ቅጽበት ወደ እንፋሎት ተለውጦ ፊትና እጅ ያቃጥላል። በፈላ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት ደግሞ ቴስታታ ይሰነጥቃል።

ጥያቄ፦ የአየር ፊልትሮ በስንት ኪሎ ሜትር ይለወጥ?

መመሪያ መጽሐፉ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ቁጥር ለአስፋልትና ለንጹሕ አየር የታሰበ ነው። የአዳማ አቧራ ግን ደቃቅ ነው፤ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ የመጣ በመሆኑም እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በተደፈነ ፊልትሮ ሞተሩ ይታፈናል፤ በተቀደደ ፊልትሮ ደግሞ አቧራው ሲሊንደሩንና ፋሻውን (የፒስተኑን ቀለበት) ይበላል፤ ሁለተኛው እጅግ የከፋ ነው። ስለዚህ ፊልትሮውን ዘይት በተለወጠ ቁጥር አውጥተው ወደ ብርሃን አቅንተው ይዩት፤ ብርሃን የሚያሳልፍ ከሆነ ቀስ ብሎ መታ መታ በማድረግ አራግፎ መመለስ ይበቃል። በኮምፕሬሰር ካጸዱት አየሩ ከውስጥ ወደ ውጭ፣ በርቀትና በለስላሳው ይነፋ፤ ጎሚስታ ቤት ባለው ሙሉ ግፊት በቅርብ የተነፋ ወረቀት በዓይን የማይታይ ቀዳዳ ያወጣል። የፊልትሮው ቤት ክዳን መቆለፊያዎች ሁሉም መገጠማቸውንም ይመልከቱ። ወደ ወንጂ ወይም ከተማው ዳር ባሉት የኮረት መንገዶች በየቀኑ የሚመላለስ ሰው በ10,000 ኪሎ ሜትር ቢለውጠው አይከስርም።

ጥያቄ፦ ለሙቀቱ ወፍራም ዘይት ይሻላል ይባላል። እውነት ነው?

ለአሮጌ ዲኤክስ ኮሮላና ፋሻው ለተበላ ሞተር 20 ደብሊው 50 የሚባለው ወፍራም ዘይት ተገቢ ሊሆን ይችላል። ለቪትዝና ለያሪስ ግን አልመክረውም። እነዚህ ሞተሮች የቫልቭ ጊዜያቸውን በዘይት ግፊት የሚቆጣጠሩባቸው ቀጫጭን መተላለፊያዎች ስላሏቸው፣ ፋብሪካው የመከረው 5 ደብሊው 30 ወይም 10 ደብሊው 30 ሲደረግላቸው ነው በደንብ የሚሠሩት። ከውፍረቱ ይልቅ ወቅቱን ጠብቆ መለወጡ ይበልጣል፤ በእኔ ልማድ 5,000 ኪሎ ሜትር አልፎ አያውቅም፤ ፊልትሮውም አብሮ ይለወጣል።

ጥያቄ፦ በፈጣን መንገዱ ስለምመላለስ ጎማዬን እንዴት ልጠብቅ?

በ2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአዲስ አበባ–አዳማ የክፍያ መንገድ ጉዞውን ቢያሳጥርልንም ጎማ ላይ አዲስ ፈተና አምጥቷል። በከተማ ውስጥ በሰዓት በ40 ኪሎ ሜትር ሲሄድ ደኅና የሚመስል ጎማ በ100 ሲነዳ ለአንድ ሰዓት ያህል ያለ ዕረፍት ይሽከረከራል። ነፋሱ የጎደለ ጎማ በየዙሩ ጎኑ ስለሚታጠፍ ከውስጥ ይግላል፤ ሽቦውና ጎማው ይላቀቃሉ፤ ከዚያ ይፈነዳል። ብዙ ሰው ጎማ የሚፈነዳው ነፋስ ሲበዛበት ነው ብሎ ስለሚያምን ከጉዞ በፊት ያስቀንሳል፤ ይህም በቀጥታ ወደ አደጋው ያቀርበዋል።

ትክክለኛው ቁጥር በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ ይገኛል፤ ለትናንሽ መኪኖች በአብዛኛው ከ30 እስከ 33 ፒ.ኤስ.አይ. (የነፋስ ግፊት መለኪያ) ነው። የሚለካው ጠዋት፣ መኪናው ሳይነዳ ነው። ከጉዞ በኋላ ቢለኩት 4 ወይም 5 ፒ.ኤስ.አይ. ጨምሮ ያገኙታል፤ ይህ ጤናማ ስለሆነ አያስተንፍሱት።

ዕድሜም እንደ ጥርሱ ሁሉ ይቆጠራል። በጎማው ጎን ላይ «DOT» ብሎ በሚጀምረው ጽሑፍ መጨረሻ አራት አሃዞች አሉ፤ ለምሳሌ 2319 ቢል በ2019 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በ23ኛው ሳምንት ተሠራ ማለት ነው። ያገለገለ ጎማ ሲገዙ ጥርሱ አዲስ መስሎ ዕድሜው 10 ዓመት ያለፈው ያጋጥማል፤ እንዲህ ያለውን በምንም ዋጋ አይውሰዱ። ከ6 ዓመት በላይ የሆነውንም ጎኑ ላይ ስንጥቅ መኖሩን በየጊዜው ያስመርምሩ። እስኮርታውንም (ትርፍ ጎማውን) አይርሱ፤ እኛ የምንረሳው ዕቃ እሱ ነው፣ ነፋሱም ከሁሉም ቀድሞ ይጎድላል።

ጥያቄ፦ ከአሰላ ስወርድ የፍሬን ፔዳሉ ይለሰልሳል። ሸራው አልቋል?

ሸራው ሊሆን ይችላል፤ ከሸራው በፊት ግን የፍሬን ዘይቱን ይጠርጥሩ። አሰላ ከአዳማ በ700 ሜትር ያህል ስለምትበልጥ በኢተያና በዴራ በኩል ሲወረድ ፍሬኑ ለረዥም ጊዜ ይያዛል፤ ይግላልም። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይስባል፦ አዲስ ዶት 3 ዘይት ቢያንስ እስከ 205 ዲግሪ ሳይፈላ የሚቆይ ሲሆን፣ እርጥበት ሲገባው ግን ወደ 140 ይወርዳል። ሲፈላ በቱቦው ውስጥ እንፋሎት ይፈጠራል፤ እንፋሎት ደግሞ ስለሚጨመቅ ፔዳሉ እግር ሥር ይሰምጣል። በየሁለት ዓመቱ ማስለወጥ፣ ቁልቁለቱንም በዝቅተኛ ማርሽ መውረድ ነው መፍትሔው። ካምቢዮውን ባዶ አድርጎ ቁልቁለት መውረድ ነዳጅ ይቆጥባል የሚባለው ዘመናዊ ሞተር ላይ እውነት አይደለም፤ በማርሽ ሲወርዱ እግርዎን ከቤንዚን ካነሱ ኮምፒዩተሩ ነዳጁን ጨርሶ ይዘጋዋል።

ጥያቄ፦ ወደ አዲስ አበባ ስወጣ መኪናው ጉልበት ያጣል። ሞተሩ ይውረድ ወይ?

በዚህ ብቻ አይውረድ። ሞተር ነዳጅ የሚያቃጥለው በሚስበው አየር ልክ ነው፤ አየሩ ደግሞ ከፍታ በጨመረ ቁጥር ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር አዳማ ላይ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር 18 በመቶ ያህል፣ አዲስ አበባ ላይ 24 በመቶ ያህል ጉልበት ያጣል። ፋብሪካው 70 የፈረስ ጉልበት ያለው ቪትዝ እዚህ 57፣ እዚያ 53 ገደማ ይቀረዋል፤ በዚያ ላይ መንገዱ ዳገት ነው። ጉልበቱ አዳማ ተመልሶም ካልመጣ፣ ወይም ሲነሣ የሚንቀጠቀጥና የሚተኩስ ከሆነ፣ ከካንዴላውና ከአየር ፊልትሮው ምርመራ ይጀመር።

ጥያቄ፦ ባትሪ ለምን ቶሎ ይሞትብናል?

ሙቀት በባትሪው ውስጥ ያለውን ኬሚካላዊ መበላሸት ያፋጥናል፣ ውሃውንም ያተናል። የሚሞላ ባትሪ ከሆነ በየወሩ ይዩት። አዲስ ከመግዛትዎ በፊት ግን በመለኪያ ያስለኩ፦ ሞተሩ ጠፍቶ ካደረ በኋላ 12.6 ቮልት አካባቢ ከሆነ ባትሪው ሙሉ ነው፤ ተነሥቶ ሲሠራ ከ13.8 እስከ 14.4 ቮልት ከሆነ ደግሞ ባትሪውን የሚሞላው ዲናሞ ጤናማ ነው። ዲናሞው ታሞ ባትሪ መለወጥ ገንዘብ መጣል ነው።

ጥያቄ፦ አዲስ፣ ያገለገለ ወይስ «ኦሪጅናል» የሚባል መለዋወጫ ልግዛ?

ያገለገለ ኦሪጅናል በር፣ ፓውዛ፣ መስታወት፣ ዲናሞ ወይም ሞተሪኖ (የሞተር ማስነሻ) ከአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ ከሶማሌ ተራ ማምጣት ጥሩ ምርጫ ነው፤ የሚያስመሰግን የሥራ ጥራትም አይቼባቸዋለሁ። የፍሬን ሸራ፣ ቺንጊያ፣ የውሃ ፓምፕ፣ ኩሽኔታና ማንኛውንም የጎማ ዕቃ ግን ያገለገለ አልገዛም። ማሸጊያ ማስመሰል ቀላል ስለሆነ በሳጥን ብቻ አይመኑ፤ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ሄደው ክብደቱን፣ የተቀረጸበትን ቁጥርና የጠርዙን አጨራረስ ጎን ለጎን ያነጻጽሩ። መካኒኩ የለወጠውን አሮጌ ዕቃ እንዲመልስልዎት አስቀድመው ይስማሙ።

ጥያቄ፦ ትንሽ ገንዘብ አለኝ፤ ምን ማሻሻያ ላድርግ?

ቢጫ ሆኖ የደበዘዘ የፓውዛ መስታወት ማስወልወል ከሁሉም ይቅደም፤ በወለንጪቲ መስመር በሌሊት ከከባድ መኪኖች ጋር ለሚነዳ ሰው ልዩነቱ የብርሃንና የጨለማ ነው። ለሃሎጅን በተሠራ ፓውዛ ውስጥ ኤል.ኢ.ዲ. አምፖል መክተትን ግን እቃወማለሁ፤ ብርሃኑ ስለሚበተን ለነጂው ደማቅ እየመሰለው ከፊት የሚመጣውን ያሳውራል። ቀጥሎ አዲስ የዝናብ መጥረጊያ ጎማ፣ ፊት ለፊት ላለው መስታወት የፀሐይ መከለያ፣ የኋላ ካሜራ፣ እንዲሁም ኤርኮንዲሽነር ላለው መኪና የውስጥ አየር ፊልትሮ። ከመኪናው ኮምፒዩተር ጋር ተገናኝቶ ስልክ ላይ የሚነበብ የኦ.ቢ.ዲ. መመርመሪያ እጅግ ይጠቅማል፤ የሞተሩን ሙቀት በቁጥር ስለሚያሳይ ከመርፌው ቀድሞ ያስጠነቅቃል፤ ለጃፓን ገበያ በተሠሩ አንዳንድ ቆየት ያሉ መኪኖች ላይ ግን ስለማይሠራ ሳይሞክሩ አይክፈሉ። ሰፋፊ ቸርኬና የሚጮህ ማርሚታ መሪን ያከብዳሉ፣ ኩሽኔታን ይበላሉ፣ ጎረቤትን ያውካሉ፤ ያንን ገንዘብ ለአራት አሞርቲዘር ቢያውሉት መኪናው ከቶውን ሌላ መኪና ይሆናል።

ጥያቄ፦ ያገለገለ መኪና ልገዛ ነው። ከደላላው ወሬ ሌላ ምን ልይ?

የሊብሬው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ከመኪናው ጋር አንድ መሆኑን በገዛ ዓይንዎ ይመልከቱ፤ ዓመታዊ ምርመራው (ቦሎው) እና የሦስተኛ ወገን መድኑ ጊዜያቸው አለማለፉን ያረጋግጡ። መኪናውን ጠዋት፣ ሞተሩ ሳይነሣ ሊያዩት እንደሚመጡ ይንገሩ፤ ቀድሞ ተነሥቶ ሞቆ ከጠበቀዎት ምክንያቱን ይጠይቁ። ሰማያዊ ጭስ ዘይት መብላቱን፣ የማይቋረጥ ነጭ ጭስ ኩላንት ወደ ሲሊንደር መግባቱን፣ ጥቁር ጭስ ነዳጅ መብዛቱን ያመለክታል። በዘይት መሙያው ክዳን ሥር እንደ ወተት ያለ ነገር ካዩ ይመለሱ። እኔ ቴርሞስታቱ በቦታው መኖሩንም አስፈትሻለሁ።

ጥያቄ፦ ቤንዚኑን ሽጬ የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛስ?

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ መወሰኑን ካስታወቀ ወዲህ ይህ ጥያቄ በየቀኑ ይነሣል። ለአዳማ ሰው የሚያሳስበው ወደ አዲስ አበባ ያለው 100 ኪሎ ሜትር ያህል ዳገት ነው። 1,500 ኪሎ ግራም መኪና 700 ሜትር ሽቅብ ለማንሣት የሚያስፈልገው ተጨማሪ ጉልበት ግን 3 ኪሎ ዋት ሰዓት ገደማ ብቻ ነው፤ ከ45 ኪሎ ዋት ሰዓት ባትሪ 7 በመቶ ያህል ማለት ነው፤ ሲመለሱም ከፊሉ በፍሬኑ በኩል ወደ ባትሪው ይገባል። ከዳገቱ ይልቅ የሚያሳስበኝ ሙቀት ነው፦ ባትሪው በፈሳሽ የሚቀዘቅዝ መሆኑን ሳይጠይቁ አይግዙ፤ ቀትር ላይ በፀሐይ ሥር ሙሉ ሞልቶ ለቀናት ማቆምም ዕድሜውን ያሳጥራል። ግቢ ውስጥ ጥላና ለመሙያ የሚሆን የራስዎ የኤሌክትሪክ መስመር ካለዎት ያስቡበት፤ እነዚህ ሁለቱ እስኪሟሉ ግን በደንብ የተያዘው ቤንዚን መኪናዎ አገልግሎቱን ይቀጥል።